የቀረችው አንዲት እስር ፈትል

ለውድ እህቴ ለኤርሚንዳ፤

እንደምን ከርመሻል? ጤናሽስ? ያ ብርድ ሲገባ የሚነሣብሽ ሳል ዘንድሮ ተወሽ ወይስ አሁንም ደረትሽን ይቧጥጠዋል? ባልሽ ሩፔርቶስ ከመርከብ ሥራው በሰላም ይመለሳል? ኔሊዳስ ትምህርት ቤት ገባች? የእናንተ አገር ነፋስ ሰው ይጥላል ሲሉ እሰማለሁና ልጅቷን ሳስባት እጇን አጥብቀሽ ይዘሽ ስትሄዱ ይታየኛል። እኔ በእግሬ ቆሜያለሁ። «እኛ ሁላችን ደህና ነን» ብሎ መቀጠል ልማድ ነው፤ ዛሬ ግን እንደዚያ ብዬ ልጽፍ ብል እጄ አይታዘዘኝም።

ይህን ወረቀት ከጠዋት ጀምሮ ሳነሣው ስጥለው ውያለሁ። ሁለት መስመር እጽፍና ምድጃው ጠፋ እንዴ ብዬ እነሣለሁ፤ ምድጃው አልጠፋም። በር የተንኳኳ ይመስለኛል፤ ነፋስ ነው። እማዬ ወንበሯ ላይ ሸለብ አድርጓታል፤ ሳትነቃ መጨረስ አለብኝ። የባለ ጀልባው የዶን ባልዶሜሮ አማች ነገ ወደ እናንተ ከተማ ወደ ፑንታ አሬናስ ይሄዳል፤ በእጅሽ ያደርስልኛል። ፊደል ያስቆጠረኝ የወጥ ቤታችን ግድግዳ ላይ የተለጠፈው አሮጌ ጋዜጣ መሆኑን ታውቂያለሽ፤ እዚያ ላይ ያልነበረ ቃል ሁሉ እስከ ዛሬ ያስቸግረኛልና ስሕተቴን እለፊው።

በልጉ ዘንድሮ ተጣድፎ ገባ። ድንቹ ገብቷል፤ ፖሙም ተጨምቆ በርሜል ውስጥ ይንሾካሾካል። እኔ የጫካ ጽጌረዳ ፍሬ ለቅሜ፣ ሰንጥቄ፣ ምድጃው አጠገብ አድርቄ ዘይት ውስጥ ዘፈዘፍኩ። ለፊትሽ እንዲሆንሽ አንዲት ትንሽ ጠርሙስ በዚሁ ሰው ልኬልሻለሁ፤ ነፋስ የላጠውን ቆዳ ያለሰልሳል፤ ማታ ማታ ብቻ ተቀቢው። ከማቲኮ ቅጠል፣ ከበግ ሞራና ከሰም ደግሞ የቁስል ቅባት ሠርቻለሁ። ይህ ቅባት የዶን ባልዶሜሮን የተሰነጣጠቀ እጅ አድኗል፤ የጎረቤታችንን የትራንሲቶን ልጅ ቃጠሎ አድኗል። የእማዬን እግር ግን አላዳነም።

ነገሩ እንዲህ ነው። በበጋው ማብቂያ ባሕሩ ሲሸሽ ቀንድ አውጣና ዛጎል ልትለቅም ወርዳ ድንጋይ አዳለጣትና ቅልጥሟን ጫራት። ትንሽ ጭረት ነበረች። ጠዋት በቅጠሉ ውሃ አጥባለሁ፤ ማታ ቅባቱን ቀብቼ በንጹሕ ጨርቅ አስራለሁ። ላይ ላዩን ይጠግግና ከሥር ይመግላል። አሁን ዙሪያው ጠቁሯል፤ ጨርቁን ስፈታው ሽታው ይቀድመኛል። በጤና ጀልባ የምትመጣው ነርስ ሚሬያ አይታ፣ «እትዬ ኦቲሊያ፣ ቅባትሽን እወደዋለሁ፤ እኔም ለእጄ ወስጃለሁ። ይሄ ግን ከቅባት አልፏል። አጥንት ሳይነካ ካስትሮ ከተማ ሐኪም ቤት አድርሻት» አለችኝ። እኔም አውቄው ነበር። ማወቅ ግን እማዬን ጀልባ ላይ አያወጣም።

ለምን እንቢ እንዳለች ልንገርሽ፤ አትሳቂ። አንቺ ከሄድሽ ወዲህ ፈትላችን ቀለም አይዝም። ያው የፖም ቅርፊት፣ ያው ከቅርንጫፍ የሚንጠለጠለው የዛፍ ሽበት፣ ያው በገንቦ የከረመ ሽንት፤ ፈትሉ ግን ከድስቱ ሲወጣ የታጠበ አመድ ይመስላል። እማዬ ደግሞ እንደ አያቶቻችን የተጣላ ሰው ያለበት ቤት ድስት ቀለም አይሰጥም ባይ ናት። ትራንሲቶ ባለፈው መጥታ አመዱን ፈትል አየችና፣ «ምነው ዶራሊሳ፣ አይጥ ነው እንዴ የፈተልሽው?» አለቻት። እማዬም «አይጥ እንኳ ቤቷን አትረሳም» ብላ መለሰችላት፤ መልሱ ለትራንሲቶ እንዳልነበረ ሁላችንም ገባን።

አባዬ ያረፈ ጊዜ አንቺ የደረስሽው ዘጠኝ ቀን የሚጸለየው ጸሎት ካለቀ በኋላ ነበር። መርከቡ በማዕበል እንደቆየ እኔ አውቃለሁ። እማዬ ግን ወደቡ ላይ ቆማ «ለማን ብለሽ መጣሽ?» አለችሽ፤ አንቺም ሻንጣሽን ሳታወርጂ በመጣሽበት ጀልባ ተመለስሽ። ከዚያ ወዲህ በዚህ ቤት ስምሽ የሚነሣው በዘወርዋራ ነው። አሁን ቁስሉንና ቀለሙን አንድ አድርጋ ይዛዋለች። ሐኪም ቤት ባልኳት ቁጥር፣ «ድስቴ ሲድን እግሬም ይድናል። ሐኪሙ ድስት ያክማል?» ትለኛለች። ለምኛታለሁ፤ ተቆጥቻታለሁ፤ አልቅሻለሁ። እሷ እንዝርቷን ታሾራለች።

እንግዲህ ያደረግሁትን ልንገርሽ። ማታ ማታ ሬዲዮ የደሴቶቹን መልእክት ሲያነብ እማዬ ምድጃው አጠገብ ተቀምጣ የሁሉንም ትሰማለች፤ የማን ላም እንደጠፋች፣ የማን ልጅ በሰላም እንደተወለደ። እኔም ሬዲዮው እንዲያነበው በብጣሽ ወረቀት ጽፌ ዶን ባልዶሜሮ ወደ ካስትሮ ሲሻገሩ ሰጠኋቸው። አንብበውት «ኦቲሊያ፣ ይሄ እኮ የኤርሚንዳ ስም ነው» አሉኝ። «ነው» አልኩ። ሌላ አልጠየቁኝም፤ ኮፍያቸውን ደፍተው ሄዱ። ሬዲዮው እንዲህ ሲል አነበበው፦ «ለኩልዋይ ደሴት፣ ለወይዘሮ ዶራሊሳ። በግንቦት ከሚውለው የመስቀል በዓል በኋላ ባለው ማክሰኞ ካስትሮ ወደብ ላይ እጠብቅሻለሁ። እግርሽን አብረን እናሳያለን። ልጅሽ ኤርሚንዳ።»

የእማዬ እንዝርት ወለሉ ላይ ወድቆ ተንከባለለ። መልእክቱ ካለፈ በኋላ «ድምፁን ጨምሪው» አለችኝ። ጨመርኩት፤ ሰውየው ስለ ጠፋ በሬ ይናገር ነበር። እስኪጨርስ ሰማችው። ከዚያ «ይሄ ሰውዬ ሲያነብ አፉ ውስጥ ድንች አለ እንዴ? ስሟን እንኳ አጥርቶ አልጠራውም» ብላ ተቆጣች። ፊቷን ግን ብታዪው።

በማግስቱ እኔ ሳልነቃ ድስቱን ጥዳ አገኘኋት። እናም ኤርሚንዳ፣ ቀለሙ ያዘ። የአበባ ቢጫ ሆኖ ወጣ፤ አጥሩ ላይ ሲሰቀል ከጀልባ ላይ ያየው ሰው ሁሉ ጮኸልን። እማዬ በአንድ እግሯ እየተደገፈች ሣቀች። እኔ ዘወር ብዬ እንጨት የምፈልጥ መሰልኩ። በውሸቴ ላይ የያዘ ቀለም ነው። ሽንቱ ዘንድሮ በደንብ ስለከረመ ይሆናል እላለሁ፤ እሳቱ ስለበረታ ይሆናል እላለሁ። ሌሊት ግን እነሣና ፈትሉ ደብዝዞ እንደሆነ በእጄ እየዳሰስኩ በጨለማ አያለሁ፤ ቀለም በእጅ የሚታይ ይመስል።

አንዲት እስር ግን ሳትነከር ቀርታለች። እማዬ ከነነጭነቷ ጠቅልላ የጉዞ ቦርሳዋ ውስጥ ከታታለች። ለምን እንደሆነ ታውቂዋለሽ፤ የታረቁ ሰዎች ሁለቱን ጫፍ ይዘው አብረው ነው የሚነክሩት። «ካስትሮ ውስጥ ድስት የሚያውሰን ሰው አይጠፋም» ትላለች። ከዚያ ትናንት እግሯን ሳስር ቀና ሳትል፣ «ወደቡ ላይ ካጣኋት ግን አልወርድም። በዚያው ጀልባ እመለሳለሁ፤ እሷም እንደዚያ ነው ያደረገችው» አለችኝ። የምትለውን እንደምታደርግ አንቺም እኔም እናውቃለን፤ ያን ግትርነት ከእሷ የወሰድሽው አንቺ ነሽ። ከተመለሰች ደግሞ ያ እግር የሚቀጥለውን የጤና ጀልባ አይጠብቅም።

ስምሽን ሳላስፈቅድ ወሰድኩ። ብትቆጪኝ እችለዋለሁ፤ እዚሁ መጥተሽ ተቆጪኝ። እሷን ይቅር በያት ብዬ አልለምንሽም፤ ያ የእናንተ ጉዳይ ነው። ወደቡ ላይ ቁሚ ብቻ። ሩፔርቶ ካልቻለ ልጅቷን ብቻ ይዘሽ ነይ። ሻንጣ አያስፈልግሽም፤ የእኔ ልብስ ይሆንሻል።

ሩፔርቶን ሰላም በይልኝ፤ ያ ያበጠ ጉልበቱ ካልተወው ከዘይቱ ትንሽ ቀቢው። ኔሊዳን ሁለት ጉንጯን ሳሚልኝ፤ ከቢጫው ፈትል ለአንገቷ እየሠራሁላት ነው። ዶን ባልዶሜሮ ጀልባቸውን ሬንጅ ቀብተው ማክሰኞን ይጠብቃሉ፤ ሰላም ብለውሻል። ትራንሲቶም ስታገኝሽ የምትሰድብሽ ስድብ እንዳላት ንገሪያት ብላለች። ውሻው ሞቷል፤ እሱ ሰላም ሳይልሽ ቀረ። ከእማዬ ሰላምታ የለም፤ እንደምጽፍልሽ አታውቅም። እሷ ራሷ ወደቡ ላይ ትሰጥሻለች።

አሁን ነቃች መሰለኝ።

እህትሽ ኦቲሊያ
ኩልዋይ ደሴት፣ ሚያዝያ 14 ቀን 1984