አራተኛው መቀባበያ

ማክሰኞ፣ ጃንዋሪ 10

የአዲስ ዓመት እረፍት አለቀ። ፋብሪካው መጋዘን ውስጥ ፎጣ ስቆጥር ዋልኩ። አራት ሺህ ነጭ፣ ሁለት ሺህ ሰማያዊ...

ከሰዓት በኋላ ሰሌዳው ላይ ወረቀት ተለጠፈ። በፌብሩዋሪው የመሥሪያ ቤቶች የማራቶን ቅብብል በፈቃደኝነት የሚሮጡ ስድስት ሠራተኞች ይፈለጋሉ ይላል። የፈቃደኞቹ ስም ከነማኅተሙ ሰፍሮ ነው የወጣው። አምስተኛዋ ፈቃደኛ እኔ ነኝ። አርባ ሰባት ዓመቴ ነው። ለመጨረሻ ጊዜ የሮጥኩት አውቶቡስ ልይዝ ነው፤ እሱም አመለጠኝ።

እምቢ ማለት ይቻል ነበር? ውሌ በማርች መጨረሻ ያበቃል። የሚያድሰው የኩባንያችን ፕሬዚዳንት ነው። ስለዚህ በታላቅ ደስታ ፈቅጃለሁ።

ዓርብ፣ ጃንዋሪ 13

ከእኔ በፊት ያለው አራተኛው ተራ የኩዋባራ ነው። የክፍላችን አለቃ። መቀነቱን የምቀበለው ከሱ ነው ማለት ነው... ጉድ ፈላ።

የኩባንያው መቀነት ቀይ ነው፤ ከትከሻ ወደ ወገብ ይታጠቁታል። እየተቀባበሉ መጨረሻ ማድረስ ነው ነገሩ። መንገዱ ለመኪና መከፈት ስላለበት ግን እያንዳንዱ መቀባበያ የሰዓት ገደብ አለው። ሰዓቱ ሲሞላ ሽጉጥ ይተኮሳል። መቀነቱ ያልደረሰለት ሯጭ ቢጫ ምትክ መቀነት ታጥቆ ይሄዳል። ውርደቱ እዚህ ላይ ነው። የኛ ቀይ መቀነት አስራ ስምንት ዓመት ሙሉ አራተኛው መቀባበያ ላይ ቀርቷል። አስራ ስምንቱንም ጊዜ ይዞት የመጣው ኩዋባራ ነው። «የአራተኛውን ተራ ዳገት ለወጣት እንስጠው» የሚል ደፋር ግን ገና አልተወለደም።

በማርች ጡረታ ይወጣል። ምሳ ላይ «ዘንድሮ ካልደረሰ መቼም አይደርስም» አለ፣ ለራሱ። አሳዘነኝ... ወዲያው ባለፈው ወር የተሳሳትኩትን ቆጠራ አነሣ። ሐዘኑ ለቀቀኝ።

ሐሙስ፣ ጃንዋሪ 26

መጋዘኑ ኮሪደር ውስጥ ልምምድ። መቀነቱ እንዳይቆሽሽ በፎጣ ተለማመድን። ፎጣ መቼም አላጣንም። ከማቅለሚያ ክፍል የመጣው ኒሺኖ ሃያ አራት ዓመቱ ነው፤ እንደ ፍየል ይዘላል። «እትዬ ሰጋዋ፣ አምቡላንስ ልጥራ ወይስ ትንሽ ይቆይ?» ይለኛል። ባለጌ።

ኩዋባራ ፊሽካ ነፋ። «ስሙ! ባለፈው ዓመት መቀነቱን ሲቀባበሉ ጎንበስ ብለው የሚሰጋገዱ አይቻለሁ። አንድ መስገድ ሦስት ሴኮንድ ነው! መንገድ ላይ አለቃ የለም! ገባችሁ?»

«ገባን፣ አለቃ!» ብለን አምስታችንም ወገባችንን አጠፍን።

እሱም አጸፋውን ጎንበስ አለ።

ቅዳሜ፣ ፌብሩዋሪ 4

ጉልበቴ።

እሑድ፣ ፌብሩዋሪ 19

እንደሆነው ልጻፈው።

አራተኛው መቀባበያ ላይ ከኛ መሥሪያ ቤት እኔ ብቻ ነበርኩ። ብርድ። ቢጫዎቹን መቀነቶች አጣጥፈው ጠረጴዛ ላይ ደርድረዋል። አስተናባሪው ቁጥራችንን አይቶ ያለ ምንም ጥያቄ አንዱን አነሣልኝ። አልፈረድኩበትም፤ እኔም ትከሻዬን አዘጋጅቼ ነበር።

አንድ ደቂቃ ሲቀር ከዳገቱ ጫፍ ቀይ ነገር ብቅ አለ። ኩዋባራ! ፊታቸው አመድ መስሏል። አንድ ጫማቸው ተፈትቷል። አንገታቸው ወደ ጎን ተጣሟል፤ እግራቸው ግን ይመጣል። ስድሳ ዓመታቸው ነው። ሰው ለአንድ ክንድ ጨርቅ እንዲህ ይሆናል? ጮህኩ፤ ምን ብዬ እንደጮህኩ አላውቅም። እንባዬ መጣ። አስተናባሪው ወደኋላ ይቆጥራል... አስራ ሁለት... አስራ አንድ... አስር... ዘጠኝ ሲል እግራቸው መስመሩን ረገጠ። ዘጠኝ ሴኮንድ ቀድመው ደረሱ! መቀነቱን በሁለት እጃቸው ዘረጉልኝ።

እኔም ሰገድኩ።

አስራ ሁለት ዓመት በየጠዋቱ ከአንገት በላይ ስሰግድላቸው ኖሬ፣ ከአንጀቴ የሰገድኩት ያኔ ነው። እሳቸው ደግሞ የአርባ ዓመት ልማድ ነውና አጸፋውን ሰገዱ። ከእኔ ዝቅ ብለው። አለቃ ከኔ ዝቅ ብሎ እያየሁ ቀና እላለሁ? ደገምኩ። እሳቸውም...

ሽጉጡ ተተኮሰ።

ሁለታችንም ጎንበስ እንዳልን ነበርን። ቢጫው ከጀርባዬ ትከሻዬ ላይ ወደቀ፤ አስተናባሪው ገፋኝ። ሮጥኩ። ዞር ብዬ አላየሁም።

ሰኞ፣ ፌብሩዋሪ 20

የግምገማ ስብሰባ። ፕሬዚዳንት ሺባታ «ደግሞ እዚያው?» አሉ።

አፌን ከፈትኩ። ኩዋባራ ቀደሙኝ። «ከሽጉጡ በኋላ ነው የደረስኩት። ጥፋቱ የኔ ነው።»

ሁሉም ራሱን ነቀነቀ። አስራ ዘጠነኛ ዓመት... ማን ይጠራጠራል? ቃለ ጉባኤው ላይ «ዘገየ» ተብሎ ተጻፈ። የውል ወረቀቶቻችን ፕሬዚዳንቱ ፊት ተከምረው ነበር። አፌን ዘጋሁ።

ኮሪደር ላይ ደረስኩባቸው። «አለቃ፣ ለምን?»

«እኔ ጡረታ ወጪ ነኝ። የአንቺ ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ነው። አስራ ስምንት የነበረ አስራ ዘጠኝ ቢሆን ማን ይቆጥረዋል?»

«እርስዎ።»

«ሂጂ ሥራሽን ሥሪ» አሉኝ። ሄድኩ። ሄድኩ እንጂ... ምን ዓይነት ሰው ነኝ?

ረቡዕ፣ ማርች 8

ዝም አይነቅዝም ይላሉ። የኔ ነቅዟል። መጋዘን ውስጥ ሳያቸው ፎጣ ክምር ኋላ እደበቃለሁ።

ረቡዕ፣ ማርች 29

ካፍቴሪያው ውስጥ የኩዋባራ መሸኛ። አበባ፣ ቢራ፣ የተጠበሰ ዓሣ። ፕሬዚዳንቱ ስጦታውን ከፈቱት፤ የሚደውል ሰዓት! «ቢያንስ ጡረታው ላይ እንኳ በሰዓቱ እንዲደርስ!» ቤቱ በሳቅ ተናጋ። ኒሺኖ ጠረጴዛ ደበደበ። እሳቸውም ሳቁ። አሳሳቃቸውን አየሁት።

መነሣቴን ያወቅሁት ወንበሩ ሲወድቅ ነው።

«በሰዓቱ ደርሰዋል» አልኩ። «ዘጠኝ ሴኮንድ ቀድመው። መቀነቱን ያስቀረሁት እኔ ነኝ። ሰግጄ።»

ኩዋባራ «ሰጋዋ ተሳስታለች...» ሲሉ «አልተሳሳትኩም!» ብዬ ጮህኩባቸው። በአስራ ሁለት ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ። ከዚያ ቦርሳዬን ይዤ ወጣሁ። ቤት ስደርስ ለካ በመንገዴ የሥራ ማስታወቂያ ጋዜጣ ገዝቻለሁ።

ዓርብ፣ ማርች 31

ውሌ ታደሰ! ፕሬዚዳንቱ እየፈረሙ «ሽጉጥ ተደግኖ እንኳ ለአለቃው የሚሰግድ ሠራተኛ ከየት ይገኛል?» አሉ። ለጸሐፊያቸውም ነገሯት። ምሳሌ ሆኛለሁ።

ለዚህ ነው አርባ ቀን ሊሞላ ሁለት ቀን እስኪቀረው ድረስ የተለጎምኩት? ወይ አለመታደል። ቃለ ጉባኤው ላይ ግን «ዘገየ» ተሰርዟል፤ በቀይ «ደረሰ» ተብሎ ተጽፏል። ሁለት ጊዜ ሄጄ አየሁት።

እሑድ፣ ኤፕሪል 2

ጠዋት ስልክ ጮኸ። ኩዋባራ ናቸው፤ ቤቴ ደውለው አያውቁም።

«ሰጋዋ። ስንት ሴኮንድ ነበር ያልሽው?»

«ዘጠኝ፣ አለቃ።»

«አለቃ አይደለሁም። ሚስቴ ልታምነኝ አልቻለችም። ንገሪያት።»

ስልኩ እጅ ለእጅ ሲያልፍ ሰማሁ። «እሜቴ፣ ባልዎ ዘጠኝ ሴኮንድ ቀድመው ነው የደረሱት» አልኳት።

«እባክሽ ድገሚልኝ» አለች ሴትዮዋ በሹክሹክታ፤ «አጠገቤ ቆሞ ጆሮውን አስጠግቷል።»

ደገምኩላት። ጮክ ብዬ።