ስዊድናዊቷን መጋዝ ይዘሽ ታየሽ አሉ

ውድ ፖሎና፣

ለጤናሽ እንደምን ከረምሽ ልልሽ ነበር፤ ግን ደህና መሆንሽን ሰምቻለሁ። እንዲያውም ከሚገባሽ በላይ ደህና ነሽ አሉ። እኔን ከጠየቅሽ፣ ባትጠይቂም እነግርሻለሁ፣ ተቃጥያለሁ።

ለምን አትደውልም እንዳትይኝ። ደውዬ ነበር፤ ቪድ አነሳው። ባልሽ ደግሞ ስልክ ሲያነሳ "ዮሽት ወንድሜ! እንደምን ነህ?" ይላል፣ ያውም ከልቡ። እንዲህ ያለ ሰው ላይ ምን ተብሎ ይጮሃል? "ተሳስቼ ነው" ብዬ ዘጋሁበት። በስሜ ጠርቶኝ እያለ! ስለዚህ ደብዳቤ። ትምህርት ያቋረጥኩት ድርሰት የሚባለው ነገር ላይ ስንደርስ መሆኑን ታውቂያለሽ፤ እዚህም እዚያም ብስት አስተማሪያችንን ውቀሺ። ወንበራቸው ላይ የጥድ ሙጫ የቀባሁት እኔ ብሆንም።

ወሬውን ያመጣችው እትዬ ጺልካ ናት። የወተት መኪናዋን በራችን ላይ አቁማ፣ ሞተሩን እንኳ ሳታጠፋ፣ በመስኮት ብቅ አለች።

"ያቺን ጓደኛህን አየኋት።"

"የቷን?"

"ስንት ጓደኛ አለህና! ፖሎናን ነዋ። ከእነቪድ ቤት በላይ ካለው ጫካ ጥድ ስትጥል።"

"እና? ጥድ መጣል ሥራዋ አይደል?"

"በምን እንደሆነ አልጠየቅከኝም" ብላ ፈገግ አለች። ያን ፈገግታዋን ታውቂዋለሽ፣ የጫነችውን ወተት ያረጋዋል።

"በምን?"

"በሁስክቫርና። በስዊድኖቹ የሞተር መጋዝ።"

ፖሎና፣ የያዝኩት ባልዲ ከእጄ ወደቀ። የአሳማዎቹ ቀለብ ነበር። አሳማዎቹ እንኳ ቀና ብለው አዩኝ።

ባል ማግባትሽን ይቅር ብዬሽ ነበር። ውሸቴን ነው፤ ግን ልለምደው እየሞከርኩ ነበር። ሰው ያገባል፣ ይወልዳል፣ ከኮረብታ ማዶ ሄዶ ይኖራል፤ ያለ ነገር ነው። መጋዝ መለወጥ ግን! የጋሽ ሎቭሮ ልጅ! ጡት ሳትጥዪ የጀርመኑን መጋዝ፣ የሽቲልን ኮፍያ ያጠለቅሽ! እዚህ መሸታ ቤት ሽቲሎች በምድጃው በኩል፣ ሁስክቫርናዎች ፀሐይ በሚገባበት መስኮት በኩል ሲቀመጡ፣ ምድጃው የተበላሸ ክረምት አባትሽ ጥርሱ እየተንቀጫቀጨ እንኳ ከቦታው አልተነሳም። "ከስዊድኖቹ ጋር ከምሞቅ ከጀርመኖቹ ጋር ቢበርደኝ ይሻለኛል" ያለው ያኔ አይደል? አንቺም አጠገቡ ተቀምጠሽ ጓንትሽን ሳታወልቂ ሾርባ ትጠጪ ነበር። ረሳሽው?

ለአባትሽ የነገርኩት እኔ አይደለሁም። ጺልካ ናት የነገረችው፤ እኔ አጠገባቸው ቆሜ ምላሴን ነክሻለሁ። ጋሽ ሎቭሮ "ባል ማግባቷን ሰምቻለሁ" አለ። "ይሄን ግን አልሰማሁም።" ከዚያ ወደ ንቦቹ ሄደ። ገና ሳይደርስባቸው የተነደፈ ሰው መሰለ።

እኔ ግን ሰማሁ። ከሰማሁ ወዲህም ሌላ ነገር አላሰብኩም። እንዴት እንደምትይዢያት፣ ገመዷን ስትስቢ በጉልበትሽ እንዴት እንደምትደግፊያት፣ ተነስታ ስታጓራልሽ "ጎሽ የኔ ልጅ!" እንደምትያት። ለእሷም ትያታለሽ? ያን ቃል እኮ ለእኛይቱ መጋዝ ነበር የምትያት። ለእኔ እንኳ አንድ ቀን ብለሽኝ አታውቂም።

ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ግን ሞረዱ ነው። ጥንዚዛ የበላውን ጥድ ስናጸዳ በከረምንበት ጊዜ፣ ምሳ በልተን ስናበቃ ግንድ ላይ ፊት ለፊት እንቀመጥና መጋዟን መሃላችን እናጋድማታለን። እኔ ወደ ቀኝ የዞሩትን ጥርሶች፣ አንቺ ወደ ግራ የዞሩትን። የእኔ እጅ ግራውን አያውቅበት፣ ያንቺ ቀኙን አያውቅበት። አባትሽ ባየን ቁጥር "አንድ የደን ሰው ሁለቱንም ካልሞረደ ምኑን ሰው ሆነ! እናንተ ሁለት ግማሾች!" እያለ ይሰድበን ነበር። ግን አቆራረጣችን! የቆረጥነው ግንድ ላይ እንቁላል ቢቀመጥ አይንከባለልም ነበር። አንዴ አስቀምጠን አይተናል። እርግጥ ነው እንቁላሉ የተቀቀለ ነበር፣ ታቹንም ቀጥቅጬዋለሁ፤ ያን አልነገርኩሽም።

ጉልበቶቻችን ይነካኩ ነበር። አንቺ ሞረዱን እያየሽ ዝም ትያለሽ፣ እኔ እለፈልፋለሁ። "አንተ ልጅ፣ አፍህ ቤንዚን አያልቅበትም?" ትይኝ ነበር። አያልቅበትም። ዝም ብል ሌላ ነገር ልናገር እችል ነበር፤ ስለዚህ የቄሱን ፍየል ወሬ አወራልሽ ነበር።

ማነው አሁን የቀኙን የሚሞርድልሽ? ይሄን ብቻ ንገሪኝ። ሌላውን ተይው።

ስለ ሠርግሽ ቀን ደግሞ ይኸውልሽ። የሙሽራዋ መንደር ጎረምሶች መንገዱን በግንድ ይዘጋሉ፣ ሙሽራው በሙሽራዋ ቤት መጋዝ ግንዱን ካልቆረጠ ሙሽራ የለችም። አባቶቻችን ያደረጉትን ነው ያደረግነው። እነሱ የመጋዙን ሰንሰለት ጥርሱን ወደ ኋላ ገልብጠው አልገጠሙትም፤ ልዩነታችን እሷ ብቻ ናት።

ቪድ በዚያ ጥቁር ሱፉ፣ አበባ ደረቱ ላይ ሰክቶ፣ መጋዝሽን ተቀበለኝ።

"አይዞህ ያዛት፣ አትነክስህም!" አልኩት።

"ሽቲል ይዤ አላውቅም" አለ።

"ዛሬ ትጠመቃለህ!"

ሰዉ ሳቀ። አስነሳት። ጥርሶቹ ወደ ኋላ እየሮጡ ግንዱን ይልሱታል እንጂ አይቆርጡትም። ጭስ ብቻ! የግንዱ ወገብ እንደ ተጠበሰ ቋሊማ ቡናማ ሆነ። "እጅህ የስዊድን ነው ወንድሜ፣ መጋዟ ሰው ታውቃለች!" ብዬ ጮህኩ። ቢናደድ ኖሮ እወደው ነበር። እሱ ግን እንባው እስኪመጣ ሳቀ። "ጎበዝ፣ ግንዱ ነው የጠነከረው ወይስ እኔ ነኝ የላላሁት?" እያለ።

ያን ጊዜ የመኪናው በር ተከፈተ። ቀሚስሽን ሰብስበሽ መጣሽ፣ መጋዟን ከእጁ ወስደሽ አጠፋሻት፣ ሰንሰለቱን አንድ ጊዜ አየሽው። ከዚያ ወደ እኔ ሳትዞሪ መዳፍሽን ዘረጋሽ።

"መፍቻውን።"

ኪሴ ውስጥ ነበር። እንዴት እንዳወቅሽ አልጠይቅሽም። ነጭ ቀሚስ ለብሰሽ መንገድ ላይ ተንበረከክሽ፣ ፈታሽ፣ ገለበጥሽ፣ አጠበቅሽ፤ እጅጌሽ ጥቁር ዘይት ሆነ፣ እናትሽ "ኧረ ልጄ!" ብላ ፊቷን ሸፈነች። አስነሳሻት። "ጎሽ የኔ ልጅ" አልሻት። ሰጋቱራው ቀሚስሽ ላይ እየዘነበ ግንዱ ለሁለት ተከፈለ። እኔ የዘጋሁትን መንገድ በእኛው መጋዝ ከፍተሽ ሄድሽ። ስታልፊ ትኩሷን እጄ ላይ አስቀመጥሻት። "ያዛት። ደህና አድርገህ ያዛት" አልሽኝ።

እኔ ጣልሻት ብዬ ነው የገባኝ። እሷንም፣ እኔንም።

ከዚያ ወዲህ ብቻዬን እቆርጣለሁ። ሁለቱንም በኩል ብቻዬን እሞርዳለሁ፤ የቀኙ ምላጭ ነው፣ የግራው ማንኪያ። መጋዟ ግንድ ውስጥ በገባች ቁጥር ወደ ቀኝ ትሸሻለች። ለአባትሽ የከመርኩለት የክረምት ማገዶ ሁሉ አንድ ጎኑ ረዥም፣ አንድ ጎኑ አጭር ነው። ጋሽ ሎቭሮ ክምሩን ዞሮ ዞሮ አየውና፣ "ልጄ፣ አንተ ነህ አረቄ የጠጣኸው ወይስ እንጨቱ?" አለኝ። ክምሩ ወደ ቀኝ ስለዘመመ በዚያ በኩል ሁለት ባላ አቁሜ ደግፌለታለሁ። አሁንም ወድቋል።

ጺልካ ያን ወሬ ካመጣች በኋላ ማክሰኞ ዕለት ምን እንዳደረግኩ ልንገርሽ። በወተት መኪናዋ ተሳፍሬ ኮረብታውን ተሻገርኩ። የመጣሁት የስዊድናዊቷን ሰንሰለት ልገለብጥ ነው፤ ምን ልደብቅሽ። አንቺ ጫካ ነበርሽ። በማገዶ ቤቱ ጀርባ ዞሬ፣ በመስኮቱ ግማሽ ገላዬን እንዳስገባሁ፣ የማገዶ ክምራችሁን አየሁ።

ወደ ግራ ዘምሟል።

በመስኮቱ ተንጠልጥዬ ቀረሁ። የማን እጅ እንደሆነ ማንም ሊነግረኝ አያስፈልግም። የእኔን ክምር አምጥቶ አጠገቡ ማቆም ነው፤ አንዱ ባንዱ ይደገፍ ነበር፣ ያለ ባላ።

"ዮሽት?" አለ ከኋላዬ ቪድ። እግሬን ብቻ አይቶ አወቀኝ። "ሰንሰለት ልትገለብጥ ነው የመጣኸው?"

"ኧረ ሰላም ልላችሁ ነው!"

"በመስኮት?"

እግሬን ይዞ አወጣኝ። ይጥለኛል ብዬ ስጠብቅ ቤት አስገብቶ የጥቁር ስንዴ ገንፎ በእርጎ አቀረበልኝ። እየጎረስኩ ተሳደብኩ። "አታፍርም? የጋሽ ሎቭሮን ልጅ ስዊድናዊ አስያዝካት! አባቷ እኮ ከሰው ጋር መነጋገር ትቷል!"

ቪድ ማንኪያውን አስቀመጠ። "እኛ ቤት ያለው ሁስክቫርና ነው። የራሷን እናንተ ጋ ትታ መጣች። ምን ታድርግ፣ ጥዱን በጥርሷ ትጣለው?"

"ትታ እንኳ አይደለም... ሰጥታኝ ነው።"

"እንድትይዝላት ነው የሰጠችህ። ያመጣታል ብላ ስትጠብቅህ ከረመች። 'ቀልዱ ሲያልቅበት ይመጣል' ትላለች። እኔ ላምጣልሽ ስላት ደግሞ ትቆጣኛለች።"

ቀጥሎ ያለውን እንዳልነግርሽ አስምሎኛል፤ እኔ ደግሞ መሐላ ላይ እንዴት እንደሆንኩ ታውቂያለሽ። "እኔ ሞረድ አላውቅበትም፣ ሁሉንም ራሷ ነው የምትሞርደው" አለኝ። "ግራውን ዝም ብላ ትሞርዳለች። ቀኙ ጋ ስትደርስ ስድብ ትጀምራለች። መጀመሪያ መጋዟን የምትሰድብ መስሎኝ ነበር። ኋላ ስሰማ አንተን ነው።"

"ምን ብላ?"

"እሱን አልነግርህም። ግን ረዥም ነው።"

ፖሎና፣ በሕይወቴ እንደዚያ ደስ ያለኝ ስድብ የለም፤ ያውም ሳልሰማው። ከባልሽ አፍ መስማቴ ደግሞ ቅናቴን አላጠፋውም። በየቀኑ ስትሰድቢኝ እሱ አጠገብሽ ቁጭ ብሎ ይሰማል እኮ! እኔን እዚህ ማንም አይሰድበኝም።

አሁን ወደ ጉዳዬ ልምጣ። እሑድ የጫካ ሠራተኞች ውድድር ነው። አንቺ ለባልሽ መንደር እንደምትቆርጪ መሸታ ቤት ተሰምቷል። የመስኮቱ በኩል ሰዎች "ሎቭሮ፣ ልጅህ ወደኛ መጣች!" እያሉ አባትሽን ሲያበግኑት ሰነበቱ። እሱም ስዊድናዊቷን ይዘሽ ከቀረብሽ ከቤቱ እንደማይወጣ ምሏል። የእሱ መሐላ እንደኔ አይደለም፤ ምድጃው የተበላሸበትን ክረምት አስታውሺ። አንቺ ስትቆርጪ አባትሽ ሳያይ የቀረበት ዓመት የለም። ዘንድሮ ቢቀር ጥፋቱ ያንቺ አይደለም፣ የስዊድናዊቷም አይደለም። መጋዝሽን ታቅፎ ከርሞ ሌላ ይዘሽ ተገኘሽ ብሎ የተቃጠለ አንድ ጅል አለ።

ስለዚህ መጋዝሽን ከዚህ ደብዳቤ ጋር በእትዬ ጺልካ መኪና ልኬልሻለሁ። ወተት አይፈስባትም፣ እኔ ራሴ ጠቅልያታለሁ። ሰንሰለቱን አልገለበጥኩትም። ለማንኛውም እዪው።

ጥርሶቿን ስትነኪ ግን ይገባሻል። የቀኙን ሞርጄዋለሁ፤ በሕይወቴ እንደዚህ አድርጌ ሞርጄ አላውቅም፣ ያውም አንድም ቃል ሳልተነፍስ። ማን ሰምቶኝ ነው የማወራው? የግራውን አልነካሁትም። እሱ ያንቺ ነው። ከባልሽ ፊት ቁጭ ብለሽ ሞርጂው፣ አይከፋኝም። ይከፋኛል፤ ግን ሞርጂው።

እሑድ እኔ በማንም መጋዝ እቀርባለሁ፣ ወደ ቀኝ እየሸሸሁ እሸነፍልሻለሁ። አባትሽን ክንዱን ይዤ የማመጣው እኔ ነኝ። ቆርጠሽ የጣልሽውን ግንድ አንስቶ በአውራ ጣቱ ዳብሶ፣ ቀጥ ማለቱን ሲያይ "ይሄ የአንድ ሰው እጅ አይደለም" ይላል። እኔ ያን ጊዜ ስለ ቄሱ ፍየል አወራለሁ።

በኪሴም ጥሬ እንቁላል አይኖርም፤ ግንዱ ላይ የምናቆመውን እንደዚያን ጊዜው የተቀቀለ ይዤ እመጣለሁ።

ግማሽሽ፣ የቀኙ በኩል፣
ዮሽት