ሁለት ፈተና በአንድ ጠዋት

ቀን፦ ሰኔ 27 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለዕጩ ባሕረኛ መኮንኖች ሥልጠና ማስተባበሪያ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ የመዋኛ ፈተና በተሰጠበት ቀን የኮሌጅ ፈተና ላይ በመገኘቴ ከሥልጠናው መሰረዜ ተነሥቶ እንደገና እንድፈተን ስለመጠየቅ

አመልካች ፍሬሕይወት አስቻለው እባላለሁ። ተወልጄ ያደግኩት በሰሜን ሸዋ፣ መንዝ ውስጥ፣ ከሞላሌ ወጣ ብሎ ባለ የገበሬ መንደር ነው። አሁን ደብረ ብርሃን ከተማ በሚገኝ አንድ ኮሌጅ የመካኒካል ምህንድስና የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። ጽሕፈት ቤትዎ ትምህርታቸውን ሳያቋርጡ ለባሕር ኃይል መኮንንነት የሚሠለጥኑ የኮሌጅ ተማሪዎችን ሲመለምል ተወዳድረው ካለፉት አንዷ ነበርኩ። "ነበርኩ" ብዬ የጻፍኩት ቅር እያለኝ ነው፤ ምክንያቱንም ከዚህ በታች በአክብሮት አስረዳለሁ።

1. በሳምንቱ ቀናት እንደማንኛውም ተማሪ ክፍል እገባለሁ። ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ በኮሌጁ ሜዳ ላይ ሰልፍ፣ የገመድ አስተሳሰርና የባሕር ካርታ አነባበብ እንማራለን። በእነዚህ ሁሉ አንድም ወቀሳ ደርሶብኝ አያውቅም። ለእረፍት ወደ አገሬ ስሄድ የሚኒባሱ ተሳፋሪዎች "አድሚራሏ ገባች፤ መስኮት ዳር ልቀቁላት" ማለታቸውን በዚህ አቤቱታ አላካትትም፤ ቦታው ጥሩ ነበር።

2. ችግሬ ውኃ ነው። ጥር ወር ላይ አዲስ አበባ ተወስደን የመጀመሪያውን የመዋኛ ፈተና ስንፈተን ወደቅሁ። ፈታኙ መኮንን በስሜ ፊት "ውኃ ውስጥ መግባት ትችላለች፤ መውጣት ግን ይቀራታል" ብለው ጽፈዋል። ፍርዱ ትክክል ስለሆነ ይግባኝ አልጠየቅሁም። እሳቸውም ከነልብሳቸው ገብተው ያወጡኝ ስለሆነ በዚህ አጋጣሚ ምስጋናዬን አቀርባለሁ። የወደቅን ዕጩዎች በሰኔ ወር ሁለተኛና የመጨረሻ ዕድል እንደሚሰጠን ተነገረን።

በእኛ አካባቢ ውኃ የለም ለማለት አይደለም፤ ክረምት ላይ ከበቂ በላይ አለ። ነገር ግን ሰው ወንዝ የሚገባው ወይ ለመሻገር፣ ወይ ልብስ ለማጠብ ነው። በዚያ ብርድ ዝም ብሎ ለመዋኘት የሚገባ ሰው ቢገኝ፣ ዘመዶቹ ጸበል ሊወስዱት ይመካከራሉ።

3. ስለዚህ መጀመሪያ የሄድኩት አጎቴ አቶ አባይነህ ዘንድ ነው። አጎቴ በድሮው ባሕር ኃይል ምጽዋ ላይ በመርከብ ወጥ ቤት ብዙ ዓመት ያገለገሉ ናቸው። "ጋሼ፣ ዋና ያስተምሩኝ" አልኳቸው።

"እኔ መዋኘት መቼ ቻልኩና?" አሉኝ።

"ያን ሁሉ ዓመት ባሕር ላይ ኖረው?"

"ልጄ፣ እኔ የኖርኩት መርከብ ላይ ነው። መዋኘትማ መርከብ ለሌለው ሰው ነው።"

ይህንን ሐሳብ ለጽሕፈት ቤትዎ ማቅረብ ፈልጌ ነበር፤ ተቀባይነት እንደማያገኝ ስለገመትኩ ተውኩት።

4. በመጨረሻ ያስተማረችኝ የመኝታ ክፍል ጓደኛዬ አብነት በኃይሉ ናት። አብነት ጣና ዳር ያደገች የሒሳብ ተማሪ ስትሆን፣ መጀመሪያ አልጋዬ ላይ በሆዴ አስተኝታ እጅና እግሬን አለማመደችኝ። አልጋው ላይ በጣም ጎበዝ ነበርኩ። ለትንሣኤ እረፍት ከእኔ ጋር ሞላሌ መጥታ ከመንደራችን በታች ባለው የመስኖ ግድብ ውስጥ እውነተኛውን ትምህርት ጀመርን። ወገቤን በገመድ አስራ ከዳር ትይዘኛለች፤ ስሰጥም ትጎትተኛለች። ከዚያም በኋላ በየሳምንቱ እሑድ ከደብረ ብርሃን እየተመላለስን ቀጠልን። ከውኃው ስወጣ ጥርሴ ሲንገጫገጭ ከማዶ እንደሚሰማ ትነግረኝ ነበር።

አባቴ አቶ አስቻለው ገብስ የሚያርሱ፣ በግ የሚያረቡ ሰው ናቸው። አንድ ቀን ግድቡ አፋፍ ላይ መጥተው ቆሙ፤ በገመድ ስጎተት አዩ። ማታ ራት ላይ "ባሕር በሌለበት አገር ባሕረኛ ሆነሽ ምን ልትሠሪ ነው?" ሲሉ ጠየቁኝ። የንግድ መርከቦቻችን ዛሬም በሰው ወደብ እየተመላለሱ እንደሚሠሩ፣ የሚጠብቃቸውም ሰው እንደሚያስፈልግ አስረዳሁ። ጥቂት አስበው "እሺ፤ ግን ስትሞቺ እንዳላይ" ብለው ፈቀዱ፤ ከዚያ ወዲህ ወደ ግድቡ መውረድ ተዉ። እኔም በግንቦት መጨረሻ ያለ ገመድ መዋኘት ቻልኩ።

5. ወደ ዋናው ጉዳይ ልመለስ። ሁለተኛው የመዋኛ ፈተና ሰኔ 6 ቀን ጠዋት መሆኑ ተነገረን። ከዚያ ኮሌጁ የአንዱን ትምህርት የማጠቃለያ ፈተና ሲያሸጋሽግ በዚያው ቀን፣ በዚያው ጠዋት አደረገው። ትምህርቱ ፍሉይድ ሜካኒክስ ይባላል፤ የውኃን ጠባይና አካሄድ የሚያጠና ነው። ስለዚህ በአንድ ጠዋት አዲስ አበባ ላይ በውኃ ውስጥ፣ ደብረ ብርሃን ላይ ስለ ውኃ ልፈተን ሆነ ማለት ነው።

ወዲያው ለጽሕፈት ቤትዎ ስልክ ደወልኩ። ያነሡት ሠራተኛ በትሕትና አናገሩኝ።

"የመዋኛ ፈተናው ላይ ባልገኝ ምን ይሆናል?" አልኳቸው።

"ትሰረዣለሽ።"

"የኮሌጁን ብተወውስ?"

"ኮርሱን ትወድቂያለሽ። በመመሪያችን ደግሞ በአንድም ኮርስ የወደቀ ዕጩ ይሰረዛል።"

"እንግዲያው ምን ባደርግ ይሻለኛል?"

እሳቸውም "እግዚአብሔር ይርዳሽ" አሉኝ። ምርቃቱን ከልብ እቀበላለሁ፤ ቀን እንዲቀየርልኝ በዚያው ስልክ ላመለከትኩት ግን ሌላ መልስ አላገኘሁም። በኮሌጁም በኩል ለብቻዬ የሚሰጥ ፈተና እንደሌለ ተገለጸልኝ።

6. የሄድኩት ወደ ኮሌጁ ፈተና ነው። ምክንያቴ ቀላል ነበር፤ ትምህርቱን ከጣልኩ ኮሌጁም መኮንንነቱም አብረው ይሄዳሉ። ፈተናውን ጥሩ ሠርቻለሁ። ሆኖም ግማሹን ጊዜ ስለ ገንዳው ሳስብ እንደነበር አልደብቅም። ከመካከላችን የወደቁት ሌሎቹ ዕጩዎች በዚያ ሰዓት ውኃ ውስጥ ነበሩ፤ እኔ ግን በወረቀት ላይ ውኃን ከቧንቧ ወደ ቧንቧ አሳልፍ ነበር።

7. በሳምንቱ የስረዛ ደብዳቤ ደረሰኝ። "ዕጩዋ የመዋኛ ፈተናውን በፈቃዷ ስለተወች" ይላል። አገሬ ሄጄ ለአባቴ አነበብኩላቸው። እንኳን ቀረብሽ የሚሉኝ መስሎኝ ነበር። እሳቸው ግን "በፈቃዷ?" ብለው አንዴ አስደገሙኝ። ከዚያ ተነሥተው የበግ ጠጉር ባናቸውን ደረቡና "ነይ፣ አሳዪኝ" አሉ።

ክረምቱ ገና ስላልጠነከረ ግድቡ ደኅና ነበር። ከዚህ ዳር ገባሁ። አባቴ በአፋፉ ላይ ከእኔ ጋር እኩል እየተራመዱ፣ ዐይናቸውን ሳይነቅሉ እስከ ማዶ ደረሱ። መሐል ላይ እጄ ደክሞኝ ነበር፤ በጀርባዬ ተንሳፍፌ አረፍ ብዬ ቀጠልኩ። ስወጣ ባናቸውን አለበሱኝ። ኋላ "በይ አሁን ጻፊ" አሉኝ። ይህ አቤቱታ የተጻፈው በእሳቸው ትእዛዝ ነው ቢባል ስሕተት አይሆንም።

ስለሆነም ከጽሕፈት ቤትዎ የምጠይቀው፦

ሀ) ስረዛው ተነሥቶ በሌላ ቀን የመዋኛ ፈተናውን እንድፈተን። ገንዳም ይሁን ሐይቅ በተባለው ቦታ እገኛለሁ። ውኃው ሞቅ ያለ ከሆነም ተቃውሞ አላቀርብም።

ለ) ወደፊት የፈተና ቀን ሲወሰን የዕጩዎቹ ኮሌጆች አስቀድመው እንዲጠየቁ። ከእኔ በኋላ የሚመጡ ልጆች ለሁለት እንዳይከፈሉ እሰጋለሁ።

ሐ) ምናልባት የመጀመሪያው ጥያቄዬ ተቀባይነት ቢያጣ እንኳ፣ በማኅደሬ ውስጥ ካለው ደብዳቤ "በፈቃዷ" የሚለው ቃል እንዲወጣልኝ።

ክቡርነትዎ፣ ጥር ላይ ሰጥማለች ተብሎ መጻፉ እውነት ነው፤ ለማንም አልክድም። ትታ ሄደች መባሉን ግን መቀበል አልቻልኩም። ሰኔ 6 ቀን ጠዋት ሁለት ቦታ መሆን የምችል ሰው ብሆን ኖሮ፣ ሁለቱም ቦታ ታገኙኝ ነበር።

መልስዎን በተስፋ ከምትጠብቅ ዕጩ ከአክብሮትና ከሰላምታ ጋር

ፍሬሕይወት አስቻለው
(ፊርማ)
ሞላሌ