የላስቲኩ ድምፅ

ሰኞ

መሰሉን በክርኔ ጎኗን አልኳት። ሳላውቅ አይደለም። አውቄ ነው።

ኳሱ ወደ መሃል እየመጣ ነበር። መሃል የእኔ ነው። ቡድኑን ከተቀላቀለች ጀምሮ ስንቴ ነግሬያታለሁ፦ ወደ እኔ ስትመጪ ተናገሪ፣ ወለሉን ምቺ፣ የሆነ ድምፅ አሰሚ። እሷ ዝም። ዝም ብላ ተወርውራ መጥታ እላዬ ላይ ወደቀች፤ ኳሱንም ያዘችው። ኮች አያልነህ «ሸጋ ነው! ሸጋ!» አላት፣ ከጎንደር ወጣ ብላ ያለችው የኮሶዬ ልጅ ስለሆነች በራሷ አነጋገር ሊያስደስታት። ክርኔ ያኔ ነው የሄደው።

የተናደድኩት ግን በኳሱ ብቻ አይደለም። ላስቲኩን ሰምቼዋለሁ።

ጎልቦል ስንጫወት ሁላችንም ዓይናችንን እንሸፍናለን። ከሕፃንነቴ ጀምሮ ምንም የማላየው እኔ፣ ጥላ ጥላ የሚታያት ሀና፣ ቀን ቀን ማንም ሳይመራት የምትሄደው መሰሉም። ሦስታችን ወለሉ ላይ ተዘርግተን፣ ሆዱ ውስጥ ደወል ያለው ኳስ እየተንከባለለ ሲመጣ በሰውነታችን እናስቆመዋለን። የሚረዳን ጆሯችን ብቻ ነው። እዚያ ሜዳ ውስጥ እኩል ነን። መሆን ነበረብን። ግን ጨዋታው በቆመ ቁጥር ከመሰሉ በኩል ትንሽ ድምፅ ትመጣለች፤ የመሸፈኛው ላስቲክ ተስቦ ሲመለስ ፀጉሯ ላይ ጠብ ይላል። ከፍ አድርጋ ታያለች ማለት ነው። ታጭበረብራለች ማለት ነው።

ኮች አስወጣኝ። «በረድ ስትይ ትገቢያለሽ» አለኝ። ማሊያዬን እንደለበስኩ፣ ላቤ እየተንጠፈጠፈ፣ አዳራሹ በር ላይ ቆሜ ሳለ አንዲት ሴትዮ መጥታ መዳፌን ከፍታ ብር አስቀመጠችበት።

«አይዞሽ ልጄ፣ እሱ ይማርሽ።»

«ምን አጥፍቼ ነው የሚምረኝ?» ብዬ ብሩን መለስኩላት። እያጉረመረመች ሄደች። እርግጥ የዛሬን አጥፍቼ ነበር፤ ያንን ግን እሷ በምን ታውቃለች?

ማክሰኞ

ሥራ። ስልክ። «ይጠብቁ፣ ላገናኝዎት ነው።» ቀኑን ሙሉ ይኸው።

አለቃዬ በጠረጴዛዬ በኩል ሲያልፍ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። «ቅዳሜ ጨዋታ አላችሁ አሉ። ጎበዝ ፍሬ፣ ሰውነትን ማንቀሳቀስ ጥሩ ነው።» ከባሕር ዳር ከመጣ ቡድን ጋር እንገጥማለን፣ ያሸነፈው ክልሉን ወክሎ አዲስ አበባ ሄዶ ይጫወታል ብዬ ነግሬው ነበር። እሱ የሰማው ሰውነት ማንቀሳቀስን ነው።

ዛሬ የጠላኋቸው፦ ትከሻ የሚመታ እጅ። ጮክ ብሎ የሚያናግረኝ ሰው (ጆሮዬ ምን ሆነ?)። ከአዳራሹ ጎን የሚሠሩት የኤሮቢክስ ሰዎች ሙዚቃ። መሰሉ።

ማታ ሀና ደወለች። ዩኒቨርሲቲ ታሪክ የምትማር፣ ከሁሉም ጋር ሰላም መሆን የምትፈልግ ልጅ ናት። «መሰሉ አልተቀየመችሽም እኮ፤ ጨዋታ ነው አለች» አለችኝ። ይኼ ይባስ አናደደኝ። ብትቀየመኝ ይሻል ነበር።

ላስቲኩን ሰምተሽ ታውቂያለሽ ወይ ብዬ ጠየቅኳት። ስለ ፈተናዋ ማውራት ጀመረች። ሰምታለች።

ረቡዕ

ተናገርኩ። ሁሉም ባለበት።

«ኮች፣ ከመሸፈኛው ስር ፕላስተር ይለጠፍ። የሦስታችንም።»

ለምን አላለኝም፤ ገብቶታል። ቦርሳውን ሲከፍት ሰማሁ። መጀመሪያ እኔ ተለጠፈልኝ፤ ለእኔ ምን ለውጥ አለው? ሀናም ተለጠፈላት። መሰሉ ጋ ሲደርስ ወደ ኋላ ስትል የጫማዋ ሶል ጮኸ።

«እኔ አልታሸግም።»

«ሕጉ ይፈቅዳል፣ መሰሉ። ለሁላችሁም ነው» አላት ኮች፣ ለስለስ ብሎ።

«ምነው፣ ዕቃ ነኝ እንዴ? አልታሸግም አልኩ!»

«የማታይ ከሆነ ምን ቸገረሽ?» አልኳት እኔ።

 መሸፈኛዋን ወለሉ ላይ ወረወረችው። ከዚያ እርምጃዋ፣ ፈጣን፣ ከዚያ የብረቱ በር። አዳራሹ እስኪያስተጋባ ድረስ ወርውራ ዘጋችው።

ኮች ቦርሳውን እየዘጋ «ደስ አለሽ?» አለኝ።

«አዎ።»

እውነቴን ነበር። ቤት እስክደርስ ድረስ ደስ ብሎኛል። ልብሴን ሳወልቅ ግን ሦስት ካልሆንን ጨዋታው እንደማይጀመር ትዝ አለኝ። አራተኛ የለንም።

ሐሙስ

ኮች ጠዋት ደወለ። መሰሉ የተከራየችውን ክፍል ዘግታ ኮሶዬ ወላጆቿ ጋ ሄዳለች። ስልኳን አታነሳም።

«ሂጂና አምጫት።»

«እኔ? አልለምናትም።»

«ለምኛት አላልኩም። አባረሻታል፣ አምጫት ነው ያልኩት።»

ስልኩን ዘጋሁበት። ከሰዓት ደግሞ አዳራሹን የሚያስተዳድረው ሰውዬ ደውሎ፣ ሦስተኛ ሰው ከሌላችሁ ቅዳሜን ለኤሮቢክሶቹ ልስጣቸው ወይ አለኝ። ድምፁ ውስጥ ደስታ ነበረበት። መቼም እኛ ስንጫወት እነሱ ሙዚቃ ስለሚያጠፉ ቂም ይዘውብናል።

«ሰው አለን» አልኩት።

የለንም። ለነገ ፈቃድ ጠየቅሁ። አለቃዬ ምክንያቱን ሳይሰማ «ለሐኪም ከሆነ ችግር የለም» አለኝ። ለሐኪም ነው አልኩት።

ዓርብ

ደክሞኛል፤ ጣቶቼ በብርድ ደንዝዘዋል፣ ብሬሉን በደንብ መውጋት አቅቶኛል። ግን ዛሬን ካልጻፍኩት አልተኛም።

መናኸሪያ ረዳቱ በሁለት እጁ ብብቴ ስር ገብቶ ወደ ሚኒባሱ ሊያነሳኝ ሞከረ። በበትሬ ቁርጭምጭሚቱን አልኩት። «እናቴ፣ ልርዳሽ ብዬ እኮ ነው!» «በሩ የት ጋ እንደሆነ ንገረኝ፣ ይኸው ነው እርዳታው።» ሰዉ ሳቀ። መንገዱን ሙሉ አጠገቤ የተቀመጡ ሽማግሌ ስለ ጠበል ሲነግሩኝ ቆዩ።

ኮሶዬ ስወርድ ብርዱ ፊቴን ገረፈኝ። መንገድ ዳር የተቀቀለ ድንች የምትሸጥ ሴት መሰሉን ብዬ ስጠይቅ፣ የአያ ሞላን ልጅ ከሆነ የምፈልገው ከኋላዬ ቆማለች አለችኝ። እውነትም ቆማለች። ከወረድኩ ጀምሮ አይታኝ ዝም ብላለች።

«ምን ልትይ መጣሽ?»

«ነገ ጨዋታ አለ ልልሽ።»

«ይቅርታ ልትጠይቂኝ አይደለም?»

«አይደለም። ታያለሽ፣ መሰሉ። ላስቲኩን እሰማለሁ።»

የምትክድ መስሎኝ ነበር። ከመንገዱ ትንሽ ራቅ አድርጋ ወሰደችኝ፤ ማለቴ «በዚህ» ብላ ቀድማኝ ሄደች፣ እኔም ድምፅዋን ተከተልኩ። የድንጋይ ካብ ላይ ተቀመጥን።

«አያለሁ» አለች። «ልክ ነሽ። ግን ኳሱን አይደለም። መስኮቱን ነው።»

አልገባኝም።

«የአዳራሹን መስኮት። ላይኛውን፣ ብርሃን የሚገባበትን። አለ ወይስ ጠፋ ብዬ ነው የማየው። ከዳር ከዳር እየተበላ እየሄደ ነው ዓይኔ። ሐኪሙ አይቆምም ብሎኛል። ጠዋት ስነሳ መጀመሪያ በሩን አያለሁ፤ በስንጥቁ የሚገባውን ብርሃን። ያንን ነገር ዓይኔ ላይ ስታደርጉብኝ፣ እዚያው ጨለማው ውስጥ እንዳለሁ ቢጠፋስ እላለሁ። ሳወልቀው ባይመለስስ? ስለዚህ ከፍ አድርጌ አያለሁ። አለ። መልሼ አደርጋለሁ።»

ሌላ ሰው ቢሆን ያቅፋት ነበር መሰለኝ። እኔ ያልኩት፦

«ቢጠፋስ ምን ትሆኛለሽ?»

«አንቺ ምን አለብሽ! የአንቺ የጠፋው ምን እንደሆነ ሳታውቂው ነው። እኔ ምን እንደሚጠፋብኝ አውቃለሁ።»

«ቢጠፋ ምን ትሆኛለሽ አልኩሽ እኮ።»

«እንደ አንቺ ክፉ እሆናለኋ!»

 ከዚያ እኔን ሳቅ ያዘኝ። እሷ አልሳቀችም። ቀጥሎ ተጨቃጨቅን፦ ካልተለጠፍኩ እመጣለሁ አለች። ኮችን እነግረዋለሁ፣ አይለጠፍብሽም፣ ነገር ግን ጨዋታው ቢቆምም እንኳ መሸፈኛውን ከነካሽ ቅጣት ነው፣ ብቻሽን ግቡን ትጠብቂያለሽ አልኳት። አውቃለሁ አለች። እኔ ደግሞ ሜዳ ላይ ትናገሪያለሽ አልኩ። «ምን ብዬ?» «መጣሁ በይ። አለሁ በይ። ብትፈልጊ ስደቢኝ።»

አብረን ተመለስን።  ጎንደር ወርደን ስንሄድ ክንዷን አልሰጠችኝም፣ እኔም አልጠየቅኳትም። አንድ ቦታ ብቻ «ቦይ» አለች። ዘለልኩት።

ቅዳሜ

ተሸነፍን።

እንደ መጣልኝ ልጻፈው። አዳራሹ ሞልቶ ነበር። ማይክ የያዘው ሰውዬ «ዓይናቸው ባያይም ልባቸው ብሩህ የሆነ እህቶቻችን» እያለ ይጀምራል፣ ሰዉ ያጨበጭባል፣ ደወሉ አይሰማም። ዳኛዋ «ጸጥታ!» ትላለች፤ ለአፍታ ዝም ይሉና እንደገና። በዚህ መሃል ነው የምንጫወተው።

መሰሉ ግን ተናገረች። ከመጀመሪያው ኳስ ጀምሮ። «መጣሁ! ልቀቂ! የእኔ ነው፣ አንቺ ጅብ!» ሀና ሳቅ እየቀደማት ትወድቅ ነበር። ወደ እኔ ስትመጣ ሰማኋት፣ ቦታ ለቀቅኩላት፤ አንድም ጊዜ አልተጋጨንም። እኩል ለእኩል ደረስን። መሰሉ የወረወረችው ኳስ ወለሉን ሲመታ እግሬ ስር ይሰማኛል፤ እንደሱ የሚወረውር ሰው አላውቅም። ይኼን ለእሷ አልነግራትም።

ሊያልቅ ሲል ኳስ ወጥቶ ጨዋታው ቆመ። ሰማሁት። ላስቲኩን። ዳኛዋም አይታለች፤ ፊሽካዋን ነፋች።

ቅጣት። ሀናና እኔ ወጣን። ያ ሁሉ ስፋት ያለው ግብ ለመሰሉ ብቻ ቀረ። ሰዉ ደግሞ «አይዞሽ! አይዞሽ!» እያለ ይጮኻል። ማይኩም «እናበረታታት!» ይላል። በዚህ ጩኸት ውስጥ ደወሉን እንዴት ትስማው? ዳኛዋ ጸጥታ ብትል ማን ሰምቷት።

ከአግዳሚው ተነሳሁ። «ዝም በሉ!» አልኩ፣ ባለኝ ጉሮሮ ሁሉ። «ማዘኑን ቤታችሁ! ልጅቷ ትስማበት! አንተ ባለማይኩ፣ አንተም ዝም በል!» ኮች ልብሴን እየጎተተ «ፍሬ፣ የክብር እንግዶች አሉ» ይለኛል። ይኑሩ።

ዝም አሉ። እንደዚያ ያለ ጸጥታ እዚያ አዳራሽ ውስጥ ሰምቼ አላውቅም። ከዚያ ኳሱ። ደወሉ። መሰሉ ስትወረወር። እግሯን ሲነካው ሰማሁ፤ ነክቷት ዞረ፣ ቀስ ብሎ፣ መረቡ ውስጥ ገባ።

እና አጨበጨቡ! ገብቶብን ያጨበጭባሉ!

መሰሉ ከወለሉ ሳትነሳ ጮኸችባቸው፦ «ምነው! ገብቶብኝ እኮ ነው!»

ልብስ ስንቀይር አጠገቤ መጥታ ተቀመጠች።

«መስኮቱን ረሳሁት» አለች ቀስ ብላ። «ብቻዬን ስሆን። ኳሷ ስትመጣ ስለ መስኮቱ አላሰብኩም። ከገባብኝ በኋላ ነው ትዝ ያለኝ።»

«ብትረሺውም ገብቶብሻል።»

«እሱማ ገብቶብኛል።»

አዲስ አበባ የለም። ሀና አለቀሰች። ኮች አላናገረኝም፤ የክብር እንግዶቹን ይቅርታ እየጠየቀ ነው አሉ። እኔ የማንንም ይቅርታ አልጠይቅም።

እሑድ

ከሰዓት በሬ ተንኳኳ። መሰሉ ናት። «ግቢ» አልኳት፤ አልገባም አለች።

«በትር መያዝ አስተምሪኝ።»

«አሁን? ገና ታዪ የለ?»

«እያየሁ ስማር አይሻልም?» ከዚያ ድምፅዋ ወረደ። «ሳይመሽብኝ።»

ተጨማሪ በትር አለኝ፤ ሰጠኋት። ከትናንቱ ጨዋታ በኋላ ሳትመልስ ይዛው የሄደችውን መሸፈኛ ከቦርሳዋ አውጥታ ራሷ አደረገችው። ፒያሳ ወጣን። ቀላል መንገድ ልመርጥላት እችል ነበር፤ አልመረጥኩም። እሷም አልጠየቀችም።

ሰደበችኝ። በበትሯ ሁለቴ ቁርጭምጭሚቴን አለችኝ፤ አንዱን አውቃ ይመስለኛል። የአንድ ካፌ ወንበር ላይ ሰው ላይ ልትቀመጥ ደረሰች። አንድ ሰውዬ «ዕውር ዕውርን ይመራል?» ብሎ ሲስቅ እኔ ከመመለሴ በፊት እሷ መለሰችለት፤ የመለሰችለትን እዚህ አልጽፈውም።

ማቋረጫው ላይ ቆምን። የባጃጆቹን ድምፅ ስሚ፣ ሲርቁ እንገባለን አልኳት። ሲርቁ ገባን። መሃል ስንደርስ ቆመች።  እጇ ወደ ፊቷ ሲሄድ የልብሷን እጅጌ ሰማሁ። ጠበቅኩ። ላስቲኩ አልጮኸም። ከኋላችን ጥሩንባ ነፉብን።

«ተሻገርን?» አለችኝ።

«ገና ነን። ሂጂ፣ አንቺ ድንጋይ!»

ሄደች። እኔም ከኋላዋ።