የሞተሩ ቁጥር

ጥቅምት 6
መኪናዋ ዛሬም አልተነሳችም። ገፋናት፣ ጎረቤትም ገፋ። ምንም። ጋሽ ብሎን መጣ፤ ኮፈኑን ከፍቶ ብዙም አልቆየ። «ሞተሩ ነክሷል። በቃ፣ ነፍስ ይማር።» ለመኪና ነፍስ ይማር ይባላል? ሳቅኩ። የአባቴ ናትና ትንሽም ከፋኝ።

ጋሽ ብሎን የአባቴ የልብ ጓደኛ፣ የመኪናዋ ብቸኛ ሐኪም። አባቴ በሕይወት እያለ ሌላ መካኒክ አያስነካትም ነበር። ዓመታዊ ምርመራ እንኳ የሚወስዳት እሱ ነው።

ጥቅምት 9
የተጋጩ መኪኖች የሚበተኑበት ግቢ ሄድን። አራት ሞተሮች አሮጌ ጎማ ላይ ተደርድረዋል። አንዱ ንጹሕ ነው፣ እሱን አልኩ። ጋሽ ብሎን ዞሮም አላየው። ጥግ ላይ ያለውን፣ ዘይትና አቧራ የጋገረበትን መረጠ።
«ይሄንን ነው የምንወስደው።»
«ጋሼ፣ ይሄ እኮ ከተገለበጠ መኪና የወጣ ነው።»
«የተገለበጠው ሾፌሩ፤ ሞተሩ ምን አጠፋ? ዝም በይ አንቺ።»
ቆሞ ዳበሰው፣ ዳበሰው። አስቂኝ ሽማግሌ…

ጥቅምት 14
አሮጌውን በሰንሰለት አወጡት። ባዶው ቦታ የተነቀለ ጥርስ ይመስላል። ወንድሜ ትዝ አለኝ። ይህን ሞተር የገደለው እሱ ነው። ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት፣ ታድሶ ከጋራዥ በወጣ በሳምንቱ ነዳት፤ እያጨሰች ተመለሰች። ከዚያ ወዲህ ደህና ሆና አታውቅም።

አባቴ፣ «ያለ ዘይት ነዳሃት!» ወንድሜ፣ «አይቻለሁ፣ ሙሉ ነበር።» አባቴ ቆይቶ እኔን ለብቻዬ ጠየቀኝ። «ዘይቱን ሲያይ አላየሁትም» አልኩ። በማግስቱ ወንድሜ ሻንጣውን ይዞ ወጣ። አባቴ እስኪሞት አልተነጋገሩም።

ያን ጠዋት የት ነበርኩ? ተኝቼ። ታዲያ ውሸት አይደለም… ነው?

ጥቅምት 20
ተነሳች! በመጀመሪያው ቁልፍ። ጋሽ ብሎን ፊቱን በጨርቅ ጠረገ። ላብ መሰለኝ።

ጥቅምት 22
የአዲሱን ሞተር ቁጥር ሊብሬው ላይ ላስመዘግብ ሄድኩ። ጸሐፊዋ ወረቀቴን አየች፣ ሊብሬውን አየች፣ እንደገና ወረቀቴን።
«እህቴ፣ ምኑን ልቀይርልሽ?»
«የሞተሩን ቁጥር።»
«ያው እኮ ነው። ከሊብሬው ገልብጠሽው እንዳይሆን?»
አልገለበጥኩም። በሽቦ ብሩሽ ፈግፍጌ ራሴ ነኝ ከብረቱ ላይ ያነበብኩት።
«እንግዲያው ምንም አልቀየርሽም። ቀጣይ!»
ከኋላዬ ያለው ሰውዬ ሳቀ።

ወጥቼ ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ። ሊብሬው አባቴ ሲገዛት የተጻፈ ነው። ከግቢው ያመጣነው የራሷ ሞተር ነው። ታዲያ ያወጣነው የማን ነበር? ወንድሜ ገደለው የተባለው… የማን?


ጥቅምት 23
ጋራዥ ሄድኩ። ጋሽ ብሎን ቱታውን እየለበሰ ነበር። ሊብሬውን ዘረጋሁለት። አላነበበውም። ሳጥን ላይ ቁጭ አለ።
«ለሦስት ቀን ነበር» አለ።

አንድ ደንበኛው፣ ሾፌር፣ ሩቅ መንገድ ሊሄድ ሞተሩ እምቢ አለው። የታደሰውን የአባቴን ሞተር አዋሰው። ለእኛ አንድ ያረጀ ገጠመልን፣ ሰውዬው ሲመለስ ሊቀያይር። መካኒኮች ዘንድ የተለመደ ነው፤ ካንዱ ነቅሎ ለሌላው፣ ባለቤቱ ሳያውቅ መመለስ። ሾፌሩ ግን በዚያው ቀረ። ዘንድሮ መገልበጡን ሲሰማ፣ ጋሽ ብሎን ሞተሩን ተከታትሎ ግቢው ውስጥ አገኘው።

«ወንድሜስ?»
«ነገ እናገራለሁ ስል አባትሽ ልጁን አስወጣው። ከዚያ ወዲያ እንዴት ይነገራል፣ ልጄ? ባደረ ቁጥር ባሰ።»
«የአባባ ሬሳ ላይ ቆመህ አልቅሰሃል እኮ!»
ጫማውን ያያል። ሊብሬውን አጥፌ ወጣሁ። 

ጥቅምት 24
አልደወልኩም።

ጥቅምት 25
ለወንድሜ ደወልኩ። ሁሉንም ነገርኩት፣ ሳልተነፍስ። የሚሠራበት የእንጨት መሰንጠቂያ ከኋላው ይጮሃል። ከዚያ ቆመ።
«እኔ እኮ ማመን ጀምሬ ነበር» አለ። «ዘይቱን ማየቴን ራሴም ተጠራጥሬ… መንዳት ትቻለሁ።»
«ሌላም አለ። ያን ጠዋት ተኝቼ ነበር። ለአባባ አላየሁትም ያልኩት…»
«አውቃለሁ።»
«ምኑን?»
«ስትነግሪው በረንዳው ላይ ነበርኩ። አባባ አስወጣው ትላላችሁ እንጂ እሱ ውጣ አላለኝም።»
ስልኩን ወደ ሌላው ጆሮዬ አዞርኩ።
«ልጅ ነበርሽ» አለ።
አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ሁለታችንም እናውቃለን።