በር ለሌለው ቤት የተሰጠ የሕግ ምክር

ለተከበሩ የነጻ የሕግ ምክር ድረ ገጽ ኃላፊ
ሉሳካ

ክቡር ሆይ፣ ጤናዎ እንደምን ከርሟል? በዚህ በሰኔ ብርድ ቢሮዎ እንደሚሞቅ፣ በሩም ግጥም ብሎ እንደሚዘጋ ተስፋዬ ነው። እኔ ቾልዌ ሙዴንዳ እባላለሁ፤ ቻዋማ ሰፈር ከልጄ ከሉቶ ጋር አንዲት ክፍል ተከራይቼ እኖራለሁ። ጠበቃ ለማቆም አቅም ስለሌለኝ፣ «ጠበቃ የለዎትም? እኛ አለንልዎት» የሚለውን ድረ ገጽዎን አምኜ በመግባቴ ስላገኘሁት ውለታ በአደባባይ ላመሰግንዎ ወደድኩ።

አከራዬ ባ ካፓምብዌ ክፍሏን ሚስት ለሚያገባው ልጃቸው ፈለጓት። ኪራዬን በወቅቱ ስለምከፍል ሰበብ አጡና፣ ባለፈው ሰኞ በሩን ከነማጠፊያው ነቅለው ተሸክመው ሄዱ። «ባና ሉቶ» አሉኝ፣ በልጄ ስም «የሉቶ እናት» ማለታቸው ነው፣ «እኔ መቼ ውጪ አልኩሽ? የወሰድኩት የገዛ በሬን ነው። አንቺ እንደሆንሽ ተቀመጪ!» ጎረቤቱ ሁሉ ሳቀ።

እንግዲህ ምስጋናዬ በተራ ቁጥር ይኸው፦

1ኛ. «ከሁሉ በፊት በርዎን ቆልፈው ቤትዎ ይቆዩ» ስላሉኝ አመሰግናለሁ። በበሩ ፋንታ የሰቀልኩት የቺቴንጌ ጨርቅ በምን እንደሚቆለፍ ግን ገጹ አልገለጸልኝም።

2ኛ. «አከራይዎ ምን አደረጉ?» ለሚለው ጥያቄ ቁልፍ መቀየር፣ ውሃ መቁረጥና ዕቃ ማውጣት የሚሉ ምርጫዎች አቅርበዋል። በር መንቀል በሰፈራችን የታወቀ የማስለቀቂያ ዘዴ ቢሆንም ከምርጫዎቹ መካከል ስላጣሁት፣ ይቀራረባል ብዬ ቁልፍ መቀየር የሚለውን ነካሁ። ቁልፍ ሠሪ እንድጠራ ተመከርኩ። እግዜር ይስጥልኝ።

3ኛ. ገጽዎ የሞላልኝን የክስ ማመልከቻ አሳትሜ ፍርድ ቤት ስወስደው የመዝገብ ቤቷ ሠራተኛ፣ «እህቴ፣ ይሄ እኮ ከኢንተርኔት የወረደ ነው። ጠበቃ አስፈርሚበትና ነይ» አለችኝ።

ክቡር ሆይ፣ ከዚህ በላይ መቀለድ አልችልም። ልጄ ገና ስድስት ዓመቷ ነው፤ ብርዱ ደረቷ ገብቶ ሳል አላስተኛ ብሏታል። ጨርቁን ነፋስ ሲገልጠው በጀርባዬ እጋርዳታለሁ፤ ጀርባዬ ግን በር አይሆንም። ጨንቆኛል። ባ ካፓምብዌን በሩን መልስ ብሎ የሚያዝ አንድ ሰው፣ እግርና አንደበት ያለው ሰው፣ ይላኩልኝ።

ምክርዎን በሙሉ ፈጽማ ሜዳ ላይ የቀረች፣ ለክቡርነትዎ ዝቅ ብላ እጅ የምትነሣ፣
ቾልዌ ሙዴንዳ

ከፊርማ በኋላ የታከለ፦ በገጽዎ መጨረሻ «አገልግሎታችን ረድቶዎታል?» የሚል ጥያቄ፣ ከሥሩም አንድ የሚስቅና አንድ የሚያለቅስ ፊት አለ። የሚስቀውን የነካችው ሉቶ ናት፤ ቢጫነቱ ደስ ብሏት ነው። ይህን ደብዳቤ ጽፌ ሳልልከው ሳንባዋን ታማ ሆስፒታል ስለተኛች የነካችውን ራሷ ልታርመው አልቻለችም። በዓመታዊ ሪፖርትዎ ረክተዋል ብለው ከሚቆጥሯቸው ላይ፣ እባክዎ፣ አንድ ይቀንሱልኝ።