ያለቦታው የተባለ አሜን

ላቮን የዓይኔ ብርሃን፣ ባለሽበት በኦኪናዋ ጦር ሰፈር ጌታ ከፊትሽም ከኋላሽም ይሁን። እዚህ ቶሊዶ ደህና ነን። የጓሮው ቲማቲም ዘንድሮ እሺ ብሏል፤ ጉልበቴ ግን እንደ ልማዱ ነው። አንቺ ሳትደርቢ እንዳትወጪ።

ዋናው ወሬ የወንድምሽ የሴድሪክ ነው። በአፍላነቱ ሱቅ ሰብሮ የታሰረበት የወንጀል መዝገብ እንዲሰረዝለት አመልክቶ ማክሰኞ ፍርድ ቤት ቀረበ። የትምህርት ቤት አውቶቡስ መንዳት ይፈልጋላ! እኛ የቤተ ክርስቲያን ሴቶችም የእሁድ ባርኔጣችንን ደፍተን ከኋላ ተደረደርን።

ዐቃቤ ሕጉ ተነስቶ፣ «ክብርት ዳኛ፣ ይህ ሰው ሌባ ነበር» ከማለቱ፣ እህት ኦፊሊያ ስብከት ላይ አፏ ለምዶባት «አሜን!» ብላ ጮኸች። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ!

«ማን ናት?» አሉ ዳኛዋ ቆጣ ብለው።

ወንድምሽ ግን ፍንክች አላለም። «እውነት ስለሆነ ነው አሜን ያለችው፣ ክብርት ዳኛ። ያኔ የሰበርኩት የእሷን ሱቅ ነው። ዛሬ በመኪናዋ ያመጣችኝም እሷው ናት» አለ።

«የሱቄም ቁልፍ አሁን እሱ ኪስ ውስጥ ነው!» አለች ኦፊሊያ ከኋላ።

ምን ዓይነት ልጅ እንደወለድኩ ያን ቀን አየሁ። ዳኛዋ «ተሰርዟል» ሲሉ ሁላችንም አሜን አልን፤ ዝም በሉ ያለን የለም።

እባክሽ ልጄ፣ ስትደውዪለት «ከእስር ከወጣህ ወዲህ» ማለትሽን ተይለት። ዳኛ የሰረዘውን እኛ መልሰን አንጻፈው። ጌታ በሰላም መልሶሽ ዓይንሽን ያሳየኝ።

አሜን የሚባለው እዚህ ላይ ነው።

እናትሽ